ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀዳው ለቅሶ

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልስ መስጠት ከሰለቸኝ ቆይቷል። የቪዲዮ ጌም ድምፅ ተዋናይ ነኝ ስል አንዱ ካርቱን ነው ወይ ይለኛል፣ ሌላው ለዚህም ሰው ይቀጠራል እንዴ ብሎ ይስቃል፣ ሌላዋ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ አቁማኝ እስቲ እንደ ድመት ጩሂ ትለኛለች። ይኼንን ጽሑፍ ግማሹን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ግማሹን ግን አንድ ቅዳሜ ኮልፌ ውስጥ፣ በተከራየሁበት ግቢ የደረሰብኝን ነገር ሰው ሁሉ የየራሱን እየጨመረ ሲያወራው ስለመረረኝ ነው። አንዳንዱ ሰይጣን ይዟት ነበር ይላል። አንዳንዱ አብዳ ነበር ይላል። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ የሂሳብ ሠራተኛነቴን ትቼ ሙሉ በሙሉ ወደ ድምፅ ሥራ ከገባሁ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ ቢሮ ያላቸው ወጣቶች በአማርኛ የሚነገር ጌም እየሠሩ ነበር፤ ተጫዋቹ የተረገመ ጫካ አቋርጦ አንድ መንደር የሚያድንበት ነው። ተዋናዮቹ ጥቂት፣ የመንደሩ ሰው ደግሞ ብዙ ስለሆነ ግማሹን መንደር የማናግረው እኔ ነበርኩ። ሕፃን ነኝ፣ ነገረኛ ነጋዴ ነኝ፣ ጅብ ነኝ፣ የጫካው ጋኔን ነኝ፣ የመንደሩ በር ላይ ቁጭ ብሎ መንገደኛውን የሚመክረው ሽማግሌም እኔው ነኝ። አንዳንድ ቀን ከራሴ ጋር ተጣልቼ፣ ራሴን ለምኜ፣ በመጨረሻ ራሴን በልቼ እውላለሁ።

ስቱዲዮዬ ቁም ሳጥኔ ነው። ልብሱን አውጥቼ፣ ውስጡን በብርድ ልብስና በፍራሽ ስፖንጅ ሸፍኜ፣ ማይክሮፎን ሰቅዬበታለሁ። በሩን ዘግቼ ውስጡ ካልቆምኩ በስተቀር ከጎረቤት ብረት በያጁ፣ በሌላ በኩል ዶሮው፣ በመንገድ ደግሞ ቆራሌው እየገቡ ቀረጻውን ያበላሹብኛል። መንገደኛውን የምመክረው ሽማግሌ ንግግሩ መሃል «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። አከራዬን እትዬ ብርቄን የማስታወቂያ ሥራ ነው የምሠራው ብያቸዋለሁ። ጋኔን ነኝ ብሎ ቤት የሚከራይ የለም።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች እኔንና ሐዋሳ የሚኖረውን ወንድሜን ብቻውን ያሳደገን እሱ ነው። አስኮ ነው የሚኖረው፤ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የሂሳብ ሥራዬን ስተው ተቆጥቶ ነበር፤ ያ አለፈ። ከዚያ ግን አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣት ለሙከራ የወጣውን ጌም በስልኩ ሲጫወት የጋኔኑን ድምፅ ለየው፤ ለይቶም ዝም አላለም፣ ወስዶ ለአባዬ አሰማው። አባዬ ደውሎ ያ ድምፅ ከአፍሽ እስኪጠፋ ድረስ እንዳትደውይልኝ አለኝ። በጣም ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? በልጅነቴ በሰንበት ትምህርት ድራማ ላይ ሰይጣንን እንድሠራ ያደረገኝ ራሱ ነው። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ መልአክ ካልሆንን ብለው ሲያለቅሱ፣ አንቺ ድምፅሽ ይገለባበጣል፣ አንቺ ሥሪው ብሎ ቀይ ጨርቅ ያለበሰኝ እሱ ነው።

አትደውይ ቢለኝም በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቄ እደውላለሁ። ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ሲዘጋው እናደዳለሁ፤ ግን ቢያንስ ስልኩን የሚዘጋ እጅ እንዳለ አውቃለሁ። ድምፁ ሲናፍቀኝ ያደረግኩትን ደግሞ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ያን ቅዳሜ የቀረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቲቱ ጩኸት። የጌሙ ዋና ሴት ናት፤ ለእኔም እስከዚያ ቀን ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ሚና እሷ ነበረች። ልጇን የጫካው አውሬ ሲወስድባት ከሩቅ ታያለች፣ ትጮኻለች፣ በቃ። ቃል የለውም። ዳይሬክተራችን ናቲ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ላይ እየጻፈ ሲመልስብኝ ሰነበተ። መጀመሪያ ያምራል፣ ግን አላመንኩሽም አለኝ። ቀጥሎ አመንኩሽ፣ ግን አያምርም አለኝ። በመጨረሻ ሳጥን ውስጥ ያለሽ ትመስያለሽ አለኝ። ሳጥን ውስጥ ነበርኩ! ሜዳ ላይ ያለች እናት እንድትመስል ርቀት ፍጠሪ፣ ዛሬ ማታ ካልደረሰኝ ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ አለኝ። ናቲ ደህና ልጅ ነው፤ ግን ያን ቀን አጠገቤ ቢኖር የጅቡን ሚና በእሱ ላይ እለማመድ ነበር።

ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ማይክሮፎኑን ወደ ክፍሉ አዙሬ፣ መስኮቱንና በሩን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ ስልኬ ቀረጻው ውስጥ እንዳይጮህብኝ አጥፍቼ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከሳጥኑ ራቅ ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ጮህኩ። አረፍ እላለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ እንደገና እጮኻለሁ። በመሃል ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ ትዝ ሲለኝ እሱን አማስዬ ተመልሼ እጮኻለሁ። ጉሮሮዬ እስኪሻክር ድረስ ያን ጠዋት በዚሁ አሳለፍኩት።

በመጨረሻ ደክሞኝ ማዳመጫውን ከአንዱ ጆሮዬ ገለጥ ሳደርግ ደጅ ሰው የሚንሾካሾክ መሰለኝ። ብርድ ልብሱን ገልጬ በሩን ከፈትኩ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በሩ አጠገብ የዕድሩ ወንዶች የድንኳኑን ሸራ እየወጠሩ ነው፤ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሞላ ካስማውን በድንጋይ ይመታሉ። በአንድ በኩል ጎረቤታችን ታሪኳና የጸሎት ቡድኗ ቀስ ያለ መዝሙር ይዘምራሉ፤ በሌላ በኩል እትዬ ብርቄና ጓደኞቻቸው ያለቅሳሉ። ሲያዩኝ ሁለቱም ወገን ድምፁን ከፍ አደረገ። እትዬ ብርቄ ሮጠው መጥተው አቀፉኝ።

«ምንድን ነው እትዬ? ማን ነው?» አልኳቸው።

«አይዞሽ ልጄ» ብቻ አሉኝ፣ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አድርገው።

እኔ እዚህ አገር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። የሰፈር ሰው ድንኳን ይዞ ደጄ ላይ ከቆመ፣ ማን እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ አይዞሽ ካለኝ፣ መርዶ ሊያረዱኝ መጥተዋል ማለት ነው። መርዶ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይነገርም፤ መጀመሪያ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ነው። ወደ አእምሮዬ የመጣው አባዬ ብቻ ነበር። ደም ብዛት አለበት። ብቻውን ነው የሚኖረው።

የሁሉንም ፊት ተራ በተራ አየሁ። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ፤ አንዱም ዓይኔን አያይም። ታሪኳን እጇን ይዤ አንቺ እንኳ ንገሪኝ ብላት ጌታ ያጽናሽ ብላ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች። እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም። ይኼ ሁሉ ሰው ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም ብዬ አሰብኩ።

ሮጬ ገብቼ ስልኬን ከፍቼ ወደ አባዬ ደወልኩ። ጠራ። ሁለተኛው ጥሪ ላይ እንዲዘጋው ጠበቅኩ፤ በሕይወቴ ስልክ እንዲዘጋብኝ የለመንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አልተዘጋም። ሦስተኛ ጠራ፣ አራተኛ ጠራ፣ እስከ መጨረሻው ጠርቶ ጠርቶ የቴሌዋ ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ አይመልሱም አለችኝ። እንደገና ደወልኩ። ያው ነው። የሚዘጋው እጅ የለም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ጩኸት ሥራዬ ነው፣ ያ ግን ከየት እንደመጣ አላውቀውም። ዓመት ሙሉ ሳያናግረኝ ሄደ፣ ሳላናግረው ሄደ የሚለው ነገር ነበር ከውስጤ የሚወጣው። ሴቶቹ ተከትለውኝ ገብተው ከበቡኝ። በዚህ መሃል እንኳ እትዬ ብርቄና ታሪኳ እኔ አናት ላይ ሆነው መጨቃጨቅ ጀመሩ። እትዬ ብርቄ ታልቅስ፣ ይውጣላት ይላሉ። ታሪኳ ቤተሰቧ አማኝ ነው፣ በመዝሙር ነው የሚጽናኑት ትላለች። አባቴ ሞቶብኝ እንኳ በሰላም እንዳላለቅስ ተደረግኩ።

ያን ጊዜ ነው ከውጭ መኪና ሲቆም የሰማሁት። የመኪና በር ተከፈተ። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ከድንኳኑ በኩል ግቢውን አናጋው።

«ልጄን! ልጄን ሳላናግራት!»

በሰው ቀብር ላይ ሰውን ሲያጽናና እንጂ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ግን ድምፅ መለየት እንጀራዬ ነው፤ ያን ድምፅ ደግሞ ከእናቴ ሞት በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሴቶቹን ገፍትሬ በባዶ እግሬ ወጣሁ። አባዬ የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን እያጋጨው ነበር። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ እግሩ ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያለው።

ቀና ሲል አየኝ። ሁለታችንም ባለንበት ቆምን። ታሪኳ እንኳ መዝሙሯን አቋረጠች።

«አልሞትሽም?» አለኝ።

«አንተስ?» አልኩት።

መጥቶ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን፣ ፀጉሬን ዳበሰኝ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ፣ በጣም በተናደደ ድምፅ፣ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ።

ሰው ሁሉ ጋሽ ሞላን አየ። ጋሽ ሞላ እትዬ ብርቄን አዩ። እትዬ ብርቄ እኔን አዩኝ። አንድም ሰው አያውቅም ነበር! ለሟቹ ድንኳን ተተክሎለታል፣ ንፍሮ ተቀቅሎለታል፣ በለቅሶ ይሸኝ በመዝሙር ተብሎ ክርክር ተደርጎለታል፤ ማን እንደሆነ ግን አንድ ሰው አልጠየቀም። ሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ ተብሎ አይጠየቅማ። ይቀመጣል፣ አብሮ ይለቀሳል፣ ስሙ በኋላ በጎን ይሰማል።

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነበር። እትዬ ብርቄ ጠዋት ጩኸቴን ሰምተው በሩን አንኳኩ፤ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ስለነበር አልሰማሁም። ደወሉ፤ ስልኬ ዝግ ነው። ጩኸቱ ሲደጋገም ከባድ መርዶ ደርሷት ነው ብለው ጎረቤት ጠሩ፤ ተከራይ የዕድሩ አባል አይደለችም ላሏቸው ጋሽ ሞላም ይቺ ተከራይ ሳትሆን ልጄ ናት ብለው ተከራክረው ድንኳኑን አስወጡ። ከዚያ ቤት ስከራይ ለተያዥነት የሰጠኋቸውን የአባዬን ቁጥር ፈልገው ደወሉ። አባዬ ራሱ ሲያነሳ፣ እንግዲያው የሞተው ሐዋሳ ያለው ልጃቸው ነው ብለው ደመደሙ። ለአባት የልጁን ሞት በስልክ አይነግሩትም። ስለዚህ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «ምንም አይደለም፣ ብቻ ልጅዎ ቤት ቶሎ ይምጡ» አሉት።

እዚህ አገር ምንም አይደለም ብቻ ቶሎ ና የተባለ ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ አልነግራችሁም። አባዬ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ከአስኮ እስከ ኮልፌ እኔን እየቀበረ መጣ።

«ስደውልልህ ለምን አላነሳህም?» አልኩት።

«ስልክሽን የያዘ ሰው መርዶውን ሊነግረኝ ነው ብዬ» አለኝ። «ታክሲ ውስጥ ልሰማው አልቻልኩም።»

የቀረችኝ ነገር ለተሰበሰበው ሰው ምን ሆኜ እንደጮህኩ ማስረዳት ነበረች። እንደ እሱ ያለ ማስረዳት አይጣልባችሁ። ጌም ነው አልኩ። አንድ የሌለች እናት፣ አንድ የሌለ ልጇን፣ አንድ የሌለ አውሬ ሲወስድባት የምትጮኸው ነው አልኩ። ጋሽ ሞላ ካስማውን የመቱበትን ድንጋይ እንደያዙ በጥሞና ሰሙኝና ለሌለ ሰው ዕድር አይወጣም አሉ። ልክ ናቸው። የወጠሩትን ሸራ መልሰው መንቀል ጀመሩ፤ ሲነቅሉ ከተከሉበት ጊዜ ይልቅ የበለጠ ያዘኑ ይመስሉ ነበር። እትዬ ብርቄ አፍረው አኮረፉኝ። ንፍሮው ተቀቅሎ ስለነበር ሁሉም እየዘገነ፣ እኔን በጎን እያየ ወጣ።

አባዬ ግን አልሄደም። ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በብርድ ልብስ የተለበጠውን ቁም ሳጥን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። እዚህ ውስጥ ነው የምትውይው አለኝ። አዎ አልኩት። አንድ ነገር አሰሚኝ አለኝ። ጋኔኑን እንደማላሰማው የታወቀ ነው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጌ በሩ ላይ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ከፈትኩለት። ሽማግሌው መንገደኛውን ሳትበላ አትሂድ፣ ሲመሽ ደግሞ ብቻህን አትሂድ ይለዋል።

አባዬ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እስኪያልቅ ሰማና ማዳመጫውን አወረደ።

«ይኼ ማን ነው?»

«አንተ ነህ» አልኩት። «ስልክ አታነሳማ። ድምፅህ ሲናፍቀኝ እሱን እሠራዋለሁ።»

መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። አለቀሰ፤ ያሁኑ ግን ድምፅ አልነበረውም። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫውን ጠራርጎ ሲያበቃ፣ በዚያ ሁሉ መሃል፣ እኔ እኮ እንዲህ በአፍንጫዬ አልናገርም አለኝ። ትናገራለህ አልኩት። አልናገርም አለ። በዚሁ እየተከራከርን ሽሮውን በላን።

እሱን ፌርማታ ድረስ ሸኝቼ ስመለስ ማይክሮፎኑ ቀኑን ሙሉ ክፍት እንደነበር አየሁ። ለማዳመጥ አቅም አልነበረኝም። ሰዓቱ እየደረሰ ስለነበር ጩኸቶቹን ሁሉ ቆርጬ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩትን የእውነቱንም ሳልለይ፣ ለናቲ ላክሁለት። መልሱ ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው ልክ ነው፣ ሚናው ያንቺ ነው አለኝ። ቀጥሎ፣ የመጨረሻው ግን ተጋኗል፣ ሰው እንደዚህ አያለቅስም ብሎ ጻፈልኝ።

ሦስተኛውን ስጮህ ሽሮው እንዳያር እያሰብኩ ነበር።

የመጨረሻውን እንዲያጠፋው ለመንኩት፣ አጠፋው። የእኔ ቅጂ ግን አለ። ጫፉ ላይ፣ እኔ ለትንፋሽ ዝም ባልኩበት፣ ከሩቅ የአባዬ ድምፅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዳመጥኩት።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። በሰፈሬ ሰው ላይ ብናደድም ማንን እንደሚቀብር ሳያውቅ ሥራውን ጥሎ ደጄ የሚቆም ሰው እንዳለኝ አውቄያለሁ፤ በወሩ የዕድሩ አባል ሆኛለሁ፣ ጋሽ ሞላ ግን ስጮህ ቀድሜ እንዳሳውቅ አስፈርመውኛል። አባዬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ተሸንፏል እንዳትሉ። ጋኔኑን በኋላ ሰምቶታል፤ ልጅ ሆነሽ የሠራሽው ሰይጣን ይሻል ነበር አለኝ። እሱን አስታውሶ መናገሩ ብቻ ለእኔ በቂ ነበር። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለሰው ስትደውሉ ምን እንደሆነ ተናገሩ። ዝም ብለህ ና አትበሉ። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ደውሉለት፤ እኔና አባዬ ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀባብረን አይተነዋልና እናንተ አትሞክሩት።

አሁን የሚደውለው እሱ ነው። የሚደውለው ደግሞ ሁልጊዜ ልክ ቀረጻ ስጀምር ነው። ሰላምታ የለም፤ ስልኩን እንዳነሳሁ ገና «ማንም አልሞተም» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው እንዴት አደርሽ የሚመጣው። ጅብ ሆኜ መንገደኛ ልበላ አፌን በከፈትኩበት ሰዓት ስንት ቀረጻ እንዳበላሸብኝ እግዚአብሔር ያውቃል። ናቲ ስልክሽን አጥፊው ብሎ እስኪሰለቸው ነግሮኛል። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ግን አጥፍቼው አላውቅም።